‹ሆዱን ታሞ ነው የሞተው›፦ የቆሽት ካንሰር በዘራችሁ መኖር አለመኖሩን ጅማ ሆናችሁ የምታጣሩበት መመሪያ

አማርኛችን ቆሽትን የሚያውቃት በንዴት ነው። ‹ቆሽቴ አረረ›፣ ‹ቆሽቴን አሳረረው› እንላለን። ‹እስቲ የት ጋ ናት?› ቢባል ግን ብዙው ሰው እጁን ጣፊያው ላይ ያሳርፋል። ጣፊያ ሌላ ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ ፊት ለፊት ጋደም ያለች፣ ስንዝር የማትሞላ አካል ናት። ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ ወደ አንጀት፣ ኢንሱሊንን ወደ ደም ትልካለች። ጥልቅ ቦታ ስላለች እብጠት ቢያበቅልባትም እጅ አያገኘውም፤ ሰውየው ሲሰማው ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ከታመሙት ውስጥ ገና ሲገኝባቸው በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው የሚችለው ከአምስቱ አንዱ ገደማ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል። ከ10 የቆሽት ካንሰር ሕሙማን በዘር የወረደ ነገር የሚኖርባቸው አንዱ ገደማ ናቸው፤ የቀሩት ዘጠኙ ዘራቸው ንጹሕ ነው። ስለዚህ ከዘመድ አንድ ሰው ስለሞተ ቤተሰቡ ሁሉ ተፈርዶበታል ማለት አይደለም። ያ አንዱ ቤተሰብ እኛ እንሁን አንሁን ለማወቅ ግን ከማሽን በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ሥራውም ደብተር፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ በራሴ ቤተሰብ ላይ ሠርቼዋለሁ። ከመርካቶ የገዛሁት ባለ 50 ቅጠል ደብተር እስካሁን ከቁም ሳጥኔ አልወጣም።

1. ሦስት ቤት ቁጠሩ

ለጋብቻ ሰባት ቤት ድረስ እንቆጥራለን። ለዚህ ሥራ ሦስት ቤት ይበቃል፦ እናንተና ወንድም እኅቶቻችሁ፣ ከዚያ እናት አባታችሁ ከነወንድም እኅቶቻቸው፣ ከዚያ አራቱ አያቶቻችሁ። ልጆችና የአጎት የአክስት ልጆች ካሉ በታች ይጨመራሉ። ደብተሩን በጎኑ አዙሩና ሁለት ገጽ ገልጣችሁ አያቶችን ከላይ፣ ራሳችሁን ከታች አድርጉ። ሐኪሞች ወንድን በአራት ማዕዘን፣ ሴትን በክብ ይስላሉ፤ የሞተ ሰው ላይ ሰያፍ ሰረዝ ይጣልበታል። ለራሳችሁ ቀስት አድርጉ።

የአባት ወገን በግራ፣ የእናት ወገን በቀኝ ይሁን፤ ሁለቱንም እኩል ሙሉ። ‹የጡት ካንሰር የሴት ነገር ስለሆነ የሚወርደው በእናት ነው› የሚል ወሬ ሰፈራችን ውስጥ አለ፤ ስሕተት ነው። እዚህ የምናወራባቸው ጂኖች (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርዱ የዘር መመሪያዎች) አብዛኞቹ ከአባትም ከእናትም ይወርዳሉ፤ የተሸከመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወንድ ሴት አይልም።

እዚህ ላይ ጅማ ውስጥ የሚያሳስት ነገር ብዙ ነው። አማርኛው የአባትንም የእናትንም ወንድም በደፈናው ‹አጎት› ይላል፤ ስለዚህ ‹በማን በኩል?› ብላችሁ ጻፉ። ‹ወንድሜ› የተባለው የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ‹በአንድ እናት ነው በአንድ አባት?› ማለትም አያሳፍርም። ከሁሉ የሚከብደው ጉዲፈቻ ነው። በኦሮሞ ወግ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ልጅ ነው፤ ማንም ‹የማደጎ› ብሎ አይለየውም፤ ሊለየውም አይገባም። ጂን ግን ይህን ክብር አያውቅም። እንዲህ ያለውን ዘመድ ከዛፉ አታውጡት፤ በነጠብጣብ መስመር አገናኙት። ጥያቄውንም በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ ታላላቆችን ጠይቁ።

2. ማንን፣ መቼ፣ እንዴት መጠየቅ

የቤተሰብ መዝገብ የሚገኘው በአንዲት አሮጊት ራስ ውስጥ ነው፤ በየቤቱ አንዲት አለች። ልጅ ያዋለደች፣ ለቅሶ ያልቀረች፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ በየት እንደታረቀ የምታውቅ። መጀመሪያ ወደ እሷ ሂዱ፤ ዛሬ ነገ አትበሉ፤ ሰው ያልፋል።

እኔ የሄድኩት አጋሮ፣ አክስቴ ዘንድ ነው፤ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ላይ ደብተሬን አወጣሁ። ‹አባቴን የገደለው ምንድን ነው?› አልኩ። ‹ጉበት ነው እንጂ ልጄ፤ አንተም ታውቀው የለም?› አሉ። ቶናው ላይ ‹አጎቴስ?› አልኩ። ‹እሱማ ሆዱን ታሞ ነው፤ ነፍሱን ይማረው፣ ከስቶ ከስቶ…› ሁለቱን ጻፍኩ። ሦስተኛው ጀበና ሲቀዳ፣ ደብተሩን ዘግቼ ወሬ ወደ ሌላ ከዞረ በኋላ ነው እንደ ዋዛ ‹እናታችን እኮ ጡቷ ቆስሎ ነው የሞተችው፤ ማንም ወንድ እንዲያይ አትፈልግም ነበር› ያሉት። ለምን ቀድመው እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው ገረማቸው። ‹አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ሆድ ነው።›

ከዚህ የተማርኩት ይኸውላችሁ። ‹ካንሰር ነበረባቸው ወይ?› ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ‹ኧረ በስማም!› ነው የሚሆነው። በአካል በአካል ጠይቁ፦ ጡት፣ ማኅፀንና የሴት እንቁላል ማምረቻው አካባቢ፣ አንጀት፣ የወንድ ፕሮስቴት፣ ሆድ። ‹ሽንት ከልክሏቸው ነበር?› ማለት ‹ፕሮስቴት ነበረባቸው?› ከማለት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሰው ስኳር ነበረበት ወይ፣ ሲጋራ ያጨስ ነበር ወይ ብላችሁ አያይዙ።

ዝም የሚሉም ያጋጥማሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ‹የዘር በሽታ አለባቸው› ከተባለ ሴት ልጅ የሚጠይቅ ይጠፋል ብለው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም ብዬ አልዋሽም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ደብተሩን ለጎረቤት አታሳዩ፤ በእድር ስብሰባ አታንሱት። ለሚፈራው ዘመድ ግን አንድ ነገር ንገሩት፦ ይህ እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጂኑን የወረሰ ሰው ራሱ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በቆሽት ካንሰር ሳይያዝ ይኖራል።

3. የድሮውን ስም መፍታት

ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እዚህ ነው። ሟቾቹ የተሰጣቸው የሕክምና ስም የለም፤ ያለው የቤት ስም ነው። ‹የወፍ በሽታ› ማለት ዓይንና ቆዳ ቢጫ መሆን ነው፤ በኦሮምኛም ስሙ ከወፍ አይርቅም። ‹ነቀርሳ› በድሮ ሰው አፍ ካንሰር ነው፤ የማይድን ቁስል ሁሉም ግን ነቀርሳ ሲባል ኖሯል። ‹ጨጓራ›፣ ‹ጉበት›፣ ‹ውስጥ ደዌ›፣ ‹መተት› የሚለውም ሁሉ ከላይኛው የሆድ ክፍል የመጣ ነገር ሊሆን ይችላል።

ቢጫ የሆነ ሁሉ ግን ቆሽት አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ የተለመደ ነው፤ ጉበት ሲደርቅም፣ የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ሲዘጋም ሰው ቢጫ ይሆናል። ለመለየት የሚረዱ ጥያቄዎች አሉ፤ ማስታመም ያየ ሰው ይመልሳቸዋል።

ቢጫነቱ ሲጀምር ሆዱን ያመው ነበር ወይስ ያለ ሕመም ነው የመጣው? የቆሽት ራስ ላይ የበቀለ እብጠት በመሃሉ የሚያልፈውን የሐሞት ቱቦ ይጨፈልቀዋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ቢጫ ያደርጋል። ሰገራው ነጥቶ፣ ሽንቱ እንደ ወፈረ ሻይ ጠቁሮ ነበር? ሰውነቱን ያሳክከው ነበር? (አክስቴ አባቴን ‹ሌሊት በማበጠሪያ ጀርባውን ይፋተግ ነበር› አሉኝ፤ ይህን ማንም አያስብም ነበር።) ሕመሙ ወደ ጀርባ ይወጣ ነበር፣ ጎንበስ ሲልስ ይቀለው ነበር? ከመታመሙ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ያለ ምክንያት፣ በስተርጅና ስኳር ያዘው? ከጀመረው እስከሞተው ስንት ጊዜ ነው? የሆድ ውኃ መያዝና ደም ማስመለስ ለዓመታት የተመላለሰበት ሰው ወደ ጉበት ያመዝናል፤ በወራት ውስጥ ከስቶ ያለቀ ሰው ደግሞ ወደ ካንሰር።

መልሱን ስትጽፉ በሁለት ቀለም ጻፉ። የሐኪም ወረቀት ያለውን በሰማያዊ፣ ‹ተባለ› ብቻ የሆነውን በቀይ ከነጥያቄ ምልክቱ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ይህች ልዩነት ዋጋ አላት፤ ቀዩን እንደ ሰማያዊ ያቀረበ ሰው ሐኪሙንም ራሱንም ያሳስታል።

4. ዕድሜን ማስላት

ማን እንደታመመ ብቻ አይበቃም፤ በስንት ዓመቱ እንደታመመም ይፈለጋል። በ45 የታመመና በ80 የታመመ አንድ አይደሉም። የልደት ወረቀት የሌላቸውን በታሪክ ቁጠሩ፦ ጣልያን ገባ 1928፣ ወጣ 1933፤ አብዮት 1966፤ ዘመቻ 1967፤ ድርቁ 1977፤ ኢሕአዴግ ገባ 1983። አያቴ ‹ጣልያን ሲገባ ገና ዳዴ ትል ነበር› ከተባለች የተወለደችው በ1927 ገደማ ነው። ‹በድርቁ ዓመት› ካረፈች በ1977። ስለዚህ የሞተችው 50 ገደማ ሆና ነው። ለጡት ካንሰር ይህ ወጣት ዕድሜ ነው፤ እኔ እስከዚያን ቀን ‹አሮጊት› እያልኩ ነበር የማስባት።

የሞተበት ዓመት ካልታወቀ የእድር መዝገብ አለ። የቀብር ወጪ የተከፈለበት ቀን ተጽፏል። ጸሐፊውን በትሕትና ጠይቁ፤ ምክንያቱን መንገር አይጠበቅባችሁም።

5. ወረቀት ፍለጋ

ከአልጋ ሥር ያለ ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ የተሸጎጠ ፌስታል፣ የፎቶ አልበም መሃል። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የባዮፕሲ (ከእብጠቱ ተቆርጦ የተመረመረ ሥጋ) ውጤት፣ የሲቲ ስካን ወይም የአልትራሳውንድ ወረቀት (ፊልሙ ሳይሆን ማብራሪያው)፣ እና ከሆስፒታል ሲወጣ የተጻፈለት ማጠቃለያ። እንግሊዝኛ የማታነቡ ከሆነ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጎረቤት ይበቃል፤ ‹ፓንክሪያስ› የሚለው ቃል ካለ አክብቡት።

የእኔ አባት ወረቀት የተገኘው ከሞቱ በ14ኛው ዓመት፣ የጤፍ ጆንያ የሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ፣ የመብራት ሒሳብ ደረሰኝ ጋር ተጠቅልሎ ነው። ሲቲው ላይ ‹ፓንክሪያቲክ ሄድ ማስ› ይላል፤ የቆሽት ራስ ላይ ያለ እብጠት ማለት ነው። ያኔ ሐኪሙ ታላቅ ወንድሜን ወደ ጎን ወስዶ ነግሮታል። ወንድሜ ደግሞ ‹አባባን አናስደነግጥ› ብሎ ‹ጉበት ነው› አለ። ውሸቷ የፍቅር ነበረች። ግን 14 ዓመት እኛን ልጆቹን ‹ጉበት› ስትል አቆየችን፤ ሄፓታይተስ ተመርምረን ነፃ ስንባል ተገላገልን ብለን ተቀመጥን።

የአጎቴን ካርድ ግን አላገኘሁም። የታከመበት ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ መጨረሻ ላይ ‹አሮጌው ካርድ ተወግዷል› ተባልኩ። ስለዚህ አጎቴ በደብተሬ ላይ አሁንም ቀይ ነው።

ዘመድ አሁን ታሞ ያለበት ቤት ካለ ይህን አትዘንጉ፦ ከመሸኘታችሁ በፊት የወረቀቱን ሁሉ ፎቶ በስልክ አንሱ።

6. ዛፉን ማንበብ

የቅርብ ዘመድ የሚባሉት ወላጅ፣ ወንድም፣ እኅትና ልጅ ናቸው። አያት፣ አጎትና አክስት ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። ሐኪሞች ‹የቤተሰብ የቆሽት ካንሰር› የሚሉት፣ የታወቀ ጂን ባይገኝም፣ እርስ በርሳቸው የቅርብ ዘመድ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲታመሙ ነው። አባቴና ወንድሙ እንዲህ ናቸው፤ አጎቴ ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ። እኔ ከሁለቱ ለአንዱ ልጅ ስለሆንኩ ጉዳዩ እኔንም ይነካል።

ቁጥሩን ለማወቅ ለሚፈልግ፦ አንድ የቅርብ ዘመድ ብቻ ከታመመ አደጋው እጥፍ ገደማ ይሆናል። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ሁለት የቅርብ ዘመድ የታመመበት ሰው አደጋው 6 እጥፍ ገደማ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ የታመመበት 32 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። እጥፍ የሚለው ቃል ያስፈራል፤ መነሻው ግን ትንሽ ነው። በአሜሪካ በሕይወት ዘመን የሚይዘው ከ60 ሰው አንዱ ገደማ ነው።

ቆሽት ብቻ እያያችሁ አትቅሩ። አያቴ የሞተችበት ጡት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ቢአርሲኤ-2 የሚባለው ጂን ሲበላሽ የጡት፣ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ)፣ የፕሮስቴትና የቆሽት ካንሰር በአንድ ዘር ውስጥ ይታያል፤ ቢአርሲኤ-1፣ ፓልቢ-2 እና ኤቲኤም የሚባሉትም በዚሁ መስመር ናቸው። ስለዚህ የአባት እናት በጡት፣ አባት በቆሽት፣ አጎት በፕሮስቴት ቢሆኑ ሦስት በሽታ ሳይሆን የአንድ ጂን ሥራ ሊሆን ይችላል። አንጀትና ማኅፀን በወጣትነት የሚደጋገምበት ቤተሰብ ደግሞ ሊንች የሚባለው ችግር ይጠረጠራል።

ሁለት ደግሞ ከልጅነት የሚታወቁ አሉ። አንደኛው በከንፈርና በአፍ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ የሚወጣበት ፒውትስ-ጀገርስ የሚባል ነው፤ የሴቶቻችን የድድ ንቅሳትም፣ የተፈጥሮ የድድ ጥቁረትም አይደለም፤ በልጅነት ከንፈር ላይ እንደ ቀለም ጠብታ የሚታይ ነው፤ አንጀት ውስጥም ሥጋ ያበቅላል። ሌላው ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ጀምሮ ቆሽቱ እየተቆጣ በከባድ የሆድ ሕመም የሚመላለስበት በዘር የሚወርድ የቆሽት ቁጣ ነው። ይህ ያለበት ሰው በዕድሜው በቆሽት ካንሰር የመያዝ አደጋው እስከ 40 በመቶ ይደርሳል፤ ሲጋራ ካጨሰ ይብሳል፣ ቀድሞም ይመጣበታል።

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተር ቤተሰብ ለዚህ ደብተር ጥሩ ናሙና ነው። አባቱ በ1953፣ እኅቱ ሩት በ1983 በ54 ዓመቷ፣ ወንድሙ ቢሊ በ1988 በ51 ዓመቱ፣ ሌላዋ እኅቱ ግሎሪያ በ1990 እ.ኤ.አ. ሁሉም በቆሽት ካንሰር ሞቱ። እሱ ብቻ በ2024 መጨረሻ 100 ዓመት ሞልቶት አረፈ። ሌሎቹ ያጨሱ ነበር፤ እሱ አያጨስም ነበር። ሲጋራ ብቻውን ለየው ብዬ አልምልም፤ ግን ያቺን ደብተር ያየ ሰው ሲጋራ ሲያቀጣጥል እጁ ይከብደዋል።

7. ሐኪም ዘንድ መቅረብ

ከሚከተሉት አንዱ ካላችሁ ሂዱ፦ እርስ በርስ የቅርብ ዘመድ የሆኑ ሁለት የቆሽት ሕሙማን፤ አንድ የቆሽት ሕመምተኛና በዚያው ወገን የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር፤ በ50ዎቹ ወይም ከዚያ በታች የታመመ ወላጅ ወይም ወንድም እኅት፤ ከላይ ያልኳቸው ሁለቱ የልጅነት ምልክቶች። ከዚህ ውጭ የሆነ ሰው ጥያቄ ካለው ሐኪም ይጠይቅ፤ አለዚያ ደብተሩን አስቀምጦ ሕይወቱን ይቀጥል።

በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ውጡ፤ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ስትደርሱ የውስጥ ደዌ ክፍል ነው የምትጠይቁት። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ለእናንተ ያለው ደቂቃ አጭር ነው። ስለዚህ ‹ዶክተር፣ ሆዴን ያመኛል› ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፦ ‹አሁን አላመመኝም። አባቴ በ58 ዓመታቸው በቆሽት ካንሰር ሞተዋል፣ ወረቀቱ ይኸው። ወንድማቸውም በ61 ተጠርጥሯል። እናታቸው በ50 በጡት ሞተዋል። እኔ እንዴት ልከታተል?› ደብተሩን ገልጣችሁ ጠረጴዛው ላይ አድርጉ። እኔ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም መጀመሪያ ሐኪም ቤት ለምን እንደመጣሁ አልገባውም ነበር፤ ዛፉን ሲያይ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

‹የደም ምርመራ አድርጉልኝ› ብላችሁ አትጨቅጭቁ። ሲኤ 19-9 የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ለታመመ ሰው መከታተያ ይጠቅማል እንጂ ጤነኛን ለማጣራት አይሆንም፤ ካንሰር ሳይኖር የሐሞት ቱቦ ሲዘጋም ከፍ ይላል፣ ካንሰር ኖሮም ላይነሳ ይችላል። ተራ አልትራሳውንድም በጋዝ እየተጋረደ ትንሿን እብጠት ያልፋታል። ‹አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው› ተብሎ ለዓመታት መዝናናት በዚህ ቤተሰብ አይሠራም።

የጂን ምርመራ ጅማ ውስጥ እንደ ወባ ምርመራ በየላቦራቶሪው የሚሠራ አይደለም። ብትደርሱበት ግን ቅደም ተከተሉን እወቁት፦ መጀመሪያ የሚመረመረው የታመመው ሰው ነው። እሱ ላይ የተበላሸ ጂን ከተገኘ ልጆቹ ያችን ብቻ ይመረመራሉ፤ የሌለበት ልጅ በዚያች ጂን የመጣው አደጋ ቀርቶለታል። ታማሚው ሳይመረመር ጤነኛው ተመርምሮ ‹የለም› ቢባል ግን እምብዛም አያረጋጋም፤ ያልታወቀ ሌላ ጂን ሊሆን ይችላልና። ለታማሚውም ጥቅም አለው፤ ቢአርሲኤ የተበላሸባቸው ሕሙማን ኦላፓሪብ የሚባል ክኒን የሚረዳቸው መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2019 ታይቷል።

አንድ የረሳነው መንገድ አለ፤ ውጭ ያለው ዘመድ። አሜሪካ በቆሽት ካንሰር ለተያዘ ሰው ሁሉ የዘር ጂን ምርመራ እንዲደረግ ይመከራል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ የታመመ የአጎት ልጅ ካላችሁ ለአዝመራና ለሠርግ የምትልኩትን ሰላምታ ተዉና ‹የጂን ውጤትህን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ› በሉት። ያቺ አንዲት ገጽ ለጅማው ቤተሰብ በሙሉ ትሠራለች።

8. ክትትል ምንድን ነው፣ ማን ይጀምረው

ለአደጋ የተጋለጡ ቤተሰቦች የሚደረግላቸው ክትትል በዓመት አንድ ጊዜ ኤምአርአይ ወይም ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ ካሜራ) ላይ አልትራሳውንድ ተገጥሞለት በጨጓራ በኩል ቆሽትን የሚያይ መሣሪያ ነው። የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ በ50 ዓመት፣ ወይም ከቤተሰቡ በትንሹ ዕድሜ የታመመው ሰው ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ነው። የእኔን አስሉት፦ አባቴ 58፣ ሲቀነስ 10፣ 48። ፒውትስ-ጀገርስ ላለበት ከ40 ወይም ከዚያ በፊት ይጀመራል። ለተራው ሕዝብ ግን ማጣራት አይመከርም፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ አይበልጥም፤ የሌለ ነገር አይቶ ወደ ቢላዋ የሚወስድ ምርመራ አለና።

ክትትሉ ይሠራል ወይ? አሜሪካ ውስጥ 1,461 አደጋ ያለባቸውን ሰዎች የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቶ ነበር። በክትትል ላይ እያሉ ካንሰር ከተገኘባቸው 9 ሰዎች 7ቱ ላይ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ነበር የተገኘው። ክትትል አቋርጦ የቆየ አንድ ሰው ደግሞ ከተሠራጨ በኋላ ተገኘበት።

ለጅማ ሰው ይህ ማለት ለአንዳንዱ ምርመራ አዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ማሽኑ እየሠራ መሆኑን፣ የሚያነበውም ሐኪም መኖሩን ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ወጪውን ከወንድም እኅት ጋር ተካፈሉ። በየዓመቱ መክፈል ለማይችል ሰው ምን ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን አስቀድማለሁ።

9. እስከዚያው

ሲጋራ። የቆሽት ካንሰርን አደጋ እጥፍ ገደማ ያደርጋል፤ ከተተወ በዓመታት ውስጥ እየወረደ ይሄዳል። ጅማ ላይ ‹እኔ አላጨስም፣ ጫት ላይ ብቻ ነው› የሚል ሰው ሞልቷል። ጫት ላይ የሚጨሰው ሲጋራ ሳንባን አቋርጦ ለምርቃናው ብቻ የሚቀር አይደለም። ሺሻም እንዲሁ ትምባሆ ነው። አልኮል በብዛት ቆሽትን እያስቆጣ ይጎዳታል፤ ውፍረትም አደጋውን ይጨምራል።

ቡና ላይ ደግሞ ላረጋጋችሁ፤ ያለሱማ ጅማ ምን ቀርቷት። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቡና የቆሽት ካንሰር ያመጣል ብሎ ዓለምን አስደነገጠ። በኋላ የተደረጉት ጥናቶች አልደገፉትም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረምረው ቡና ለቆሽት ካንሰር መንስኤ አለመሆኑን የሚያመለክት ማስረጃ ነው ያገኘው። አቦሉን ጠጡ፤ አጠገቡ ያለውን ፓኮ አንሡ።

ሁለተኛው ምልክት ማወቅ ነው፤ እነዚህን ያየ ሰው ከዚህ ቤተሰብ ከሆነ ሳምንት አይጠብቅ፦ የዓይን ቢጫነት፤ የጠቆረ ሽንትና የነጣ ሰገራ፤ ወደ ጀርባ የሚወጣ የላይኛ ሆድ ሕመም፤ ሳይፈልጉ መክሳት፤ የሚንሳፈፍና ቅባት ያለው ሰገራ። ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት የመጣ ስኳር ከክብደት መቀነስ ጋር ከታየ ‹ስኳር ነው፣ ቢጫ የሆነው ደግሞ ወፍ ነው› ብላችሁ ለየብቻው አታክሙት። ለጠበልም ሆነ ለባህል መድኃኒት መሄድ የሚፈልግ ሰው ይሂድ፤ ግን ሲቲውን አስነሥቶ።

ደብተሬ ሲሞላ አራት ገጹን ፎቶ አንሥቼ ለአምስት ወንድም እኅቶቼ ላክኩ። ሁለቱ አመሰገኑ። አንደኛዋ ‹ለምን አስታወስከን?› ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ሰቃ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ 46 ዓመቱ ነው፤ ምንም አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን ማታ ደወለና ‹አያታችን ስንት ዓመቷ ነበር ያልከው?› አለኝ። ‹50 ገደማ› አልኩት። ‹የሴቷ ልጄን ትምህርት ቤት ጨርሰን ክረምት ላይ እመጣለሁ፤ አብረን እንሂድ› ብሎ ዘጋው።